ብረቱ ሲበርድ

የትራክተራችን ባኬት ትናንት ተቃና። ሦስት ሳምንት ሙሉ አፉን አጣሞ ግቢ ውስጥ ተጋድሞ ሳየው ሆዴን ሲበላኝ ነበር።

ነገሩ የመጣው ከባሕር ዛፍ ጉቶ ነው። ደብረ ብርሃን አካባቢ መሬት ያለው ሁሉ ያውቀዋል፤ ግንዱን ብትቆርጠው ከሥሩ መልሶ ያቆጠቁጣል። ለላሞቹ ማደሪያ ቦታ ስናስለቅቅ ታናሽ ወንድሜ በባኬቱ አንድ ጥግ ሊፈነቅለው ሞከረ። እኔ ከጎን ቆሜ «ጨምር!» እላለሁ። ጉቶው ንቅንቅ አላለም፤ የባኬቱ የግራ ጥግ ግን ወደ ታች ታጠፈ፣ የላይኛው ከንፈሩም መሀሉ ላይ ጎበጠ። ባኬት ጭነቱ በስፋቱ ሁሉ ሲያርፍ ብዙ ይችላል። ጉልበቱ በአንድ ጥግ ሲመጣበት ግን ሙሉ አካሉ ይጠመዘዛል።

ከተማ ወዳሉት አረጋዊ በያጅ ወሰድነው። «ጋሼ፣ በመዶሻ ይቀጥቅጡልኝ» አልኳቸው። «ቆይ ልጄ፣ መጀመሪያ የቱ ጋ እንደታጠፈ እንየው» አሉኝ። ሲባጎ ከጥግ እስከ ጥግ ወጠሩ፤ ብረቱ ከሲባጎው የራቀበትን ሁሉ በጠመኔ ምልክት አደረጉበት። መሀሉ ላይ አራት ጣት ያስገባል።

ለከንፈሩ እሳት አላስፈለገም። ወፍራም የብረት ምሰሶ በባኬቱ አፍ ላይ አጋድመው ሁለቱን ጫፍ ከባኬቱ ጋር በሰንሰለት አሰሩ፤ በምሰሶውና በጉብታው መካከል የጭነት መኪና ክሪክ ገባ። ሰንሰለቱ ላይ ጆንያ ጣል አድርገው እኛን ከአቅጣጫው ዞር አደረጉን፤ ቢበጠስ የሚያገኘውን ሰው አይምርም። ክሪኩ ሲገፋ ብረቱ ቀጥ አለ፤ ሲላላ ግን ትንሽ ተመለሰ። ስለዚህ ከቀጥታው አሳልፈው ገፉት፤ ሲለቁት ከሲባጎው ጋር ገጠመ።

ጥጉ ነው ያስደነቀኝ። በያጁ የጋዝ እሳቱን የለቀቁት ባበጠው በኩል፣ በቀጭን መስመር ብቻ ነው። ብረቱ ደብዛዛ ቀይ፣ የደረቀ በርበሬ መልክ ሲይዝ (650 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ነው) እሳቱን አነሱ። ምንም የተቃና ነገር አልታየኝም። «አሁንስ?» ብላቸው «አሁን እንቀመጥ» አሉኝ። የጋለው ብረት ሊሰፋ ይፈልጋል፤ ዙሪያውን ያለው ቀዝቃዛ ብረት ግን ስለማይለቀው ባለበት ይወፍራል። ሲበርድ ይኮማተራል፤ ሲኮማተር ጥጉን ወደ ቦታው ይጎትተዋል። የሚያቃናው ቅዝቃዜው ነው። እኔ ቶሎ እንዲበርድ ውሃ ላፈስበት ጆግ ሳነሳ እጄን ያዙኝ፤ ከፊት ያለው ስለት ከቀረው የባኬቱ ብረት የጠነከረ ነው፣ ግሎ ድንገት ውሃ ከነካው እንደ ብርጭቆ ይሰነጠቃል። ሦስት ጊዜ አግለው ሦስት ጊዜ ተቀመጥን። ስለቱ ሥር የተላቀቀውን ብየዳ የመለሱትም ቀድመው በቀስታ አሙቀው፣ በደረቀ 7018 ኤሌክትሮድ ነው።

ከንፈሩን ለማጠንከር ቱቦላሬ በየዱበት። በጣም ወፍራሙን እንዲያደርጉልኝ ለመንኳቸው፤ እምቢ አሉ። ባኬቱ ፈጽሞ የማይታጠፍ ከሆነ በሚቀጥለው ጊዜ የሚታጠፈው የትራክተሩ ክንድ ነው፣ እሱ ደግሞ በቀን ሥራ የሚመለስ አይደለም።

ብረቱ እስኪበርድ ስንጠብቅ አባታቸው ማረሻ ይሠሩ እንደነበር ነገሩኝ፤ ገበያ ላይ «ቡዳ» እየተባሉ ነው የኖሩት። አጼ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን በሥራው መስደብን በአዋጅ ከልክለው ነበር። በእኚህ ሰው አባት ማረሻ ያረሰ ገበሬ ግን እጃቸውን ሳይጨብጥ እህሉን አስገብቷል። ይህን ስሰማ አፈርኩ፤ በአያቴ ቤትም ይኸው ቃል ሲነገር ሰምቼ ዝም ብዬ አድጌያለሁና። የብረትን ጠባይ እንዲህ የሚያውቅ ሰው በሌላ አገር ወንበር ተሰጥቶት ያስተምር ነበር። በእኛ ከተማ ስማቸውን የሚያውቁት ሹፌሮች ብቻ ናቸው።

የሠሩበትን ስከፍል ጉቶው ምን እንደሆነ ጠየቁኝ። አሁንም እዚያው ነው። ቅዳሜ ከወንድሜ ጋር ዙሪያውን በዶማ ቆፍረን፣ ሥሩን አንድ በአንድ በመጥረቢያ ቆርጠን፣ በሰንሰለት ከትራክተሩ ኋላ እንጎትተዋለን። ባኬቱን አናስጠጋውም።