ከስፖንዳው ወዲህ

ያረጀችውን ፒክአፓችንን ሸጠን አዲስ ለመግዛት በተነሣንበት ሰሞን፣ ሻጩ ወጣት ስለ ሞተሩ ጉልበትና በጋቢናው ውስጥ ስለተገጠመው ስክሪን በትሕትና ሲያስረዳኝ፣ የእኔ ዓይን ከወደ ኋላ፣ ካሶኒው ላይ ነበር። ቃሉን የወረስነው ከጣሊያኖች ነው፤ እዚህ ጅቡቲ ያሉ መካኒኮች ደግሞ ከፈረንሳዮች ተቀብለው «ቤን» ይሉታል። እኔና ጎረቤቶቼ ሁለቱንም እያፈራረቅን እንጠራዋለን።

ባልባላ ከጥንቱም ያለ ጭነት መኖር የማትችል ሠፈር ናት። ፈረንሳዮች እ.ኤ.አ. በ1966 ከተማዋን በሽቦ አጥር ሲያጥሩ፣ ወደ ውስጥ መዝለቅ ያልተፈቀደለት ሰው ከአጥሩ ማዶ በድንጋያማው መሬት ላይ ሰፈረ፤ ሠፈሩም እየሰፋ ሄዶ በ1987 ከከተማዋ ጋር ተቀላቀለ። ውኃው፣ ቆርቆሮው፣ እንጨቱ ሁሉ ከሌላ ቦታ ተጭኖ የሚመጣ ነበር። እኔም የምተዳደረው ከኢትዮጵያ የሚመጣ ሽንኩርትና ድንች ተቀብዬ ለየሱቁ በማደል ነው። ስለዚህ ካሶኒ ለእኔ እንጀራዬ ነው ብል አላጋነንኩም። ይሁንና በዚህ ግዢ ያስጨነቀኝ የሽንኩርቱ ጉዳይ አልነበረም።

ከሦስት ዓመት በፊት በሐምሌ ወር፣ ትኩሱ ነፋስ አቧራውን እያነሣ ዓይን በሚያሳጣበት ሌሊት፣ ሁላችንም «እማማ» የምንላቸው አንዲት አሮጊት ጎረቤታችን ከደጃፋቸው ወድቀው ዳሌያቸው ተሰበረ። መቀመጥ አልቻሉም። መኪናችን ደብል ጋቢና ነበረች፤ አምስት ሰው ትይዛለች፤ የካሶኒዋ ርዝመት ግን አንድ ሜትር ተኩል ቢሆን ነው። ፍራሽ አንጥፈን ስናስተኛቸው እግራቸው ተረፈ። የኋላውን ስፖንዳ አውርደን በማሰሪያው ላይ ዘረጋነው፤ ታናሽ ወንድሜም እግራቸውን አቅፎ ጫፉ ላይ ተቀመጠ። እኔ መሪውን ያዝኩ።

የፒክአፕ ባሌስትራ ብዙ ኩንታል እንዲሸከም የተሠራ ነው። ባዶውን ሲሆን አይተጣጠፍም፤ ያነጥራል። በየድንጋዩ የእማማ ድምፅ በኋላው መስኮት ይገባል፤ ቀስ ብል መንገዱ አያልቅም፣ ብፈጥን እርሳቸው አይችሉም። ከፍራሹ ሥር አራት ኬሻ አሸዋ ብናደርግ ኖሮ መኪናዋ ትለዝብ እንደነበር የገባኝ ሲነጋ ነው። እማማ ድነው ዛሬ በምርኩዝ ይሄዳሉ፤ ሲያገኙኝም «የአንጣሪው መኪና ጌታ» እያሉ ይቀልዱብኛል። እስቃለሁ፤ ግን ከልቤ አይደለም።

እንግዲህ ደብል ጋቢና ላለመግዛት ቆርጬ ነበር። የሲንግሉ ካሶኒ ከሁለት ሜትር በላይ ስለሆነ ሰው ተዘርግቶ ይተኛበታል። ባለቤቴ ግን በአንድ ጥያቄ አቆመችኝ፤ «ልጆቹን የት ልታስቀምጣቸው ነው? ከሽንኩርቱ ጋር?» መልስ አልነበረኝም። በዚህች ፀሐይ ልጅን ካሶኒ ላይ ማሳፈር ከጭካኔ የሚቆጠር ነው፤ ለአደጋም ማጋለጥ ነው።

ወንድሜ ደግሞ የራሱ ሐሳብ ነበረው። ከጋቢናው ጀርባ የሚተከለውን የሚያብረቀርቅ የብረት ቅስት እየዳሰሰ «ጋሼ፣ ይቺን እናስገጥማት፤ ለመኪናዋ ግርማ ትሰጣታለች» አለኝ። እውነቱን ለመናገር እኔም ሁለት ጊዜ ዞሬ አይቻታለሁ። ነገር ግን የሸራው ማገር የሚቆመው እዚያው ቦታ ላይ ነው፤ ያለ ሸራ ደግሞ ድንቹ እኩለ ቀን ሳይሞላ ይጠወልጋል። ከፋይበር የሚሠራው ድፍን ክዳንም ታየ፤ መልኩ ያምራል፣ ከሌባም ይጠብቃል፤ በእኛ ሙቀት ግን ምድጃ ነው። ሸራ ቢያንስ በሁለት በኩል ተጠቅልሎ ነፋስ ያስገባል።

ሻጩ «በነጻ እንመርቅልዎታለን» ያለኝን የፕላስቲክ ንጣፍ አልፈልግም ስለው ተገረመ። አሮጌዋ መኪና እንዲህ ያለ ንጣፍ ነበራት። ከላይ ሲያዩት ጤነኛ ነበር። ገዢው ብሎኖቹን ፈትቶ ሲያነሣው ግን ከሥሩ ያለው ላሜራ በጣት የሚበሳ ሆኖ ተገኘና ዋጋው ወረደብኝ። ነገሩ ቀላል ነው፤ በፕላስቲኩና በብረቱ መካከል አሸዋና የባሕር ጨው ያዘለ እርጥበት ይገባል፤ መኪናዋ በተንቀጠቀጠች ቁጥር አሸዋው ቀለሙን ይፍቃል፤ እርጥበቱም መውጫ ስለሌለው ብረቱን ይበላዋል። በብረቱ ላይ ተረጭቶ የሚጣበቀው ሻካራ ልባስ ዋጋው ከፍ ይላል፤ ሲላጥ ግን የተላጠው ቦታ በዓይን ይታያል። እኔም ከፍዬ እርሱን አስረጨሁ። በዳርና ዳር ላሉት የገመድ ማሰሪያ ቀለበቶች ግን ተጨማሪ አልተጠየቅሁም፤ ቀድሞ በሽቦ የምናስረውን ፍራሽም ሆነ ኬሻ ይይዛሉ።

የጋቢናውን ክርክር የፈታው ከሁለቱ መካከል ያለው ዓይነት ነው፤ ከሹፌሩ ጀርባ ለልጆች የምትበቃ ጠባብ መቀመጫ አለው፤ ካሶኒውም አንድ ሜትር ከሰማንያ ገደማ እንደሆነ በወረቀቱ ላይ ተጽፏል። ወረቀት አላመንኩም። ጫማዬን አውልቄ ካሶኒው ላይ ወጣሁና በጀርባዬ ተጋደምኩ። ሻጩ አፉን በእጁ ሸፈነ፤ ወንድሜ ፊቱን አዞረ፤ ሳይስቅ የቀረ አይመስለኝም።

«ስፖንዳውን ዝጊው» አልኳት ባለቤቴን።

ዘጋችው። እግሬ አልነካውም።