ሞጣ እና ሞታ

ከቢቸና ወደ ሞጣ የሚወስደው መንገድ በደብረ ወርቅ በኩል ያልፋል። በግራ የጮቄ ተራራ አለ። በቀኝ አገሩ ቀስ እያለ ወደ አባይ በረሃ ይወርዳል። እኛ አስተማሪዎች በዚህ መንገድ ብዙ ተመላልሰንበታል። ቢቸናም ሞጣም አዲስ ፊደል የቆጠሩ ተማሪዎች አሉን። በዚህ ሳምንት የምናጫውታችሁ ከእነሱ ጋር ስለ ጥንት ሰዎች መጠለያ የተነጋገርነውን ነው። አንድ ስሕተታችንንም ሳንደብቅ እንነግራችኋለን።

ጎጆ ሲፈርስ ምን ይቀራል?

ቢቸና ላይ ትምህርቱን በጥያቄ ጀመርን። «አንድ ጎጆ ባለቤቱ ጥሎት ቢሄድ ከመቶ ዓመት በኋላ ምን ይተርፋል?» አልን።

አንድ አባት፣ «ሣሩን ነፋስ ይወስደዋል፤ እንጨቱን ምስጥ ይበላዋል፤ ጭቃውን ዝናብ ያጥበዋል» አሉ።

አንዲት እናት ቀበል አድርገው፣ «ጉልቻውስ? ጉልቻው ይቀራል። አመዱም ከሥር ይቀራል። የወፍጮው ድንጋይ የት ይሄዳል ብላችሁ ነው?» አሉ።

ክፍሉ ሣቀ። መልሱ ግን ልክ ነበር። የጥንት ሰው የኖረበትን ቦታ የሚፈልጉ ሊቃውንትም የሚያገኙት ይህንኑ ነው፦ ድንጋይ፣ አመድ፣ ሥጋው የተበላ አጥንት።

ጽሑፍ ከመጀመሩ በፊት የነበረው ረጅም ዘመን ቅድመ ታሪክ ይባላል። የዚያ ዘመን ሰው ሁሉ በዋሻ አልኖረም። በሜዳ፣ በወንዝ ዳር የሰፈረውም ብዙ ነው። ግን ዳሱ እንደ ጎጆው በስብሶ ጠፋ። ዋሻ ዝናብ ስለማይገባበት የወደቀበትን ነገር ያቆያል።

በአገራችን የተገኙትን ጥቂት እንቁጠር።

ከአዲስ አበባ በስተደቡብ፣ በአዋሽ ወንዝ ዳር፣ መልካ ቁንጡሬ የሚባል ቦታ አለ። እዚያ የዛሬ 700,000 ዓመት ገደማ ሰዎች በጭቃ ላይ የተዉት የእግር ዱካ ደርቆ ተገኝቷል። የትንንሽ ልጆች ዱካም አለበት።

በመተማ በኩል ደግሞ ሽንፋ የሚባል ወንዝ አለ። ውኃው የኋላ ኋላ ከአባይ ይገባል። የዛሬ 74,000 ዓመት ገደማ በዳርቻው ሰዎች ሰፍረው ነበር። በበጋ ወንዙ ሲቆራረጥ በየኩሬው የቀረውን ዓሣ እያጠመዱ ይበሉ ነበር። ይህ ጥናት የወጣው በ2016 ዓ.ም. ነው።

በባሌ ተራራ፣ ከ3,400 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ፣ ፊንጫ ሀበራ የሚባል የድንጋይ ጥላ አለ። የዛሬ 40,000 ዓመት ገደማ በዚያ ብርድ ሰዎች ኖረውበታል። ባልጩት እየጠረቡ ስለት ያበጁ ነበር። ትልልቅ ፍልፈል እየጠበሱ ይበሉ ነበር።

ሰው ለኑሮው ብቻ አልደከመም። ለሞተበትም ሰው ድንጋይ አቆመ። በጢያ 36 የቆሙ ድንጋዮች አሉ። በብዙዎቹ ላይ የሰይፍ ምስል ተቀርጿል። ከሥራቸው መቃብር አለ። እነዚህን ያቆሙ ሰዎች ስማቸውን በፊደል አልጻፉልንም። ነገር ግን ድንጋይ መፈልፈል፣ ማጓጓዝ፣ ማቆም ያውቁ ነበር። ፊደል አለማወቅና ዕውቀት ማጣት አንድ አይደሉም። ይህን ስንል የቢቸና ተማሪዎቻችን እርስ በርስ ተያዩ።

ስሕተታችን

ከዚያ ሞጣ ሄድን። በእጃችን በውጭ አገር ፊደል የተጻፈ ወረቀት ነበር። የ4,500 ዓመት ዕድሜ ያለው የአንድ ሰው አጽም ሞጣ ከሚባል ዋሻ ተገኘ ይላል። ገና መጀመሪያውን እንዳነበብን ለተማሪዎቻችን፣ «ይህ ሰው የእናንተ ነው፤ ከአገራችሁ የተገኘ ነው» አልናቸው። ደስታቸው ለጉድ ነው። በማግሥቱ የገበያ ቀን ነበርና ወሬው ገበያውን ሞላው።

ማታ ወረቀቱን እስከ መጨረሻው አነበብነው። ዋሻው ያለው በደቡብ፣ በጋሞ ደጋ ነው። በውጭው ፊደል ጣ እና ታ በአንድ ዓይነት ይጻፋሉ። እኛ ሞጣ ብለን ያነበብነው ሞታ ነበር። እንቅልፍ አልወሰደንም። ማንበብ የምናስተምር እኛ ራሳችን ሳንጨርስ አንብበን አወራን። ከእንግዲህ ማን ያምነናል?

ለተማሪዎቻችን እንደ ሆነው ነገርናቸው። አንድ አባት፣ «እኔ እኮ ለአማቼ ምዬ ነው የነገርኩት!» ብለው ተቆጡ። ዝም አልን። አንዲት ወጣት ተነሥታ ወደ ሰሌዳው ሄደች። ሞጣ ብላ ጻፈች። ከሥሩ ሞታ ብላ ጻፈች። «በዚህች ፊደል ነው አገር የተሳሳተው?» አለች። አባትየውም ሣቁ። ከዚያ፣ «በሉ፣ አሁን የዚያን የጋሞውን ሰው ነገር ጨርሱልን» አሉን።

የሞታ ሰው

ዋሻውን ለሊቃውንቱ ያሳዩት የአገሩ ሽማግሌዎች ናቸው። በጦርነት ጊዜ ሰው ይሸሸግበት ነበር። አጽሙ የተገኘው በ2004 ዓ.ም. ነው። ስሙንም ባይራ አሉት፤ በጋሞኛ በኩር ማለት ነው። ከጆሮው አጥንት ዘረመል ተወሰደ። ዘረመል ከወላጅ ወደ ልጅ የሚወርድ፣ የመልካችንና የአካላችን ምሥጢር ነው። ከአፍሪካ የጥንት ሰዎች ዘረመሉ ሙሉ በሙሉ የተነበበው መጀመሪያ ባይራ ነው። ዓይኑ ቡናማ ነበር። ካደገ በኋላ ወተት አይስማማውም ነበር። አካሉ ለደጋ አየር የተስማማ ነበር። ዛሬ ካሉት ሕዝቦች የሚቀርቡት አሪዎች ናቸው።

ጥናቱ የወጣው በመስከረም 2008 ዓ.ም. ነው። ከጥቂት ወራት በኋላ ሊቃውንቱ በሒሳባቸው ስሕተት አገኙ። ከውጭ የመጣ ዘር በመላው አፍሪካ ተዳርሷል ያሉት እነሱ እንዳሉት አልነበረም። ስሕተታቸውን በጽሑፍ አረሙ። እኛም ይህን ስናነብ ትንሽ ተጽናናን።

አንድ ጎልማሳ ተማሪያችን ትምህርቱ ሲያልቅ ቀረብ ብሎ፣ «እኔ ወርቅ ይገኛል ሲሉኝ አንድ ዋሻ ቆፍሬ አውቃለሁ» አለን።

«ምን አገኘህ?»

«አመድ። አውጥቼ በተንሁት።»

ሊቃውንት የሚፈልጉት ያንኑ አመድ ነው። አንዴ ከተገለበጠ የላዩንና የሥሩን መለየት አይቻልም። ዕድሜውም አይታወቅም። ስለዚህ ስታርሱ ወይም ጉድጓድ ስትቆፍሩ የተጠረበ ድንጋይ፣ የቆየ አጥንት ወይም የአመድ ድርብርብ ብታገኙ አታንሱት። ቦታውን ምልክት አድርጉበት። ለወረዳው የባህል ጽሕፈት ቤት ንገሩ።

ለሚቀጥለው ሳምንት ሥራ አለባችሁ። በቀበሌያችሁ ያሉ ሽማግሌዎችን ጠይቁ። ዋሻ የት አለ? የቆመ ድንጋይ የት አለ? ስሙ ማን ይባላል? በደብተራችሁ ጻፉት። ጣውን ጣ፣ ታውን ታ አድርጋችሁ ጻፉ።