በጣና ዳር፤ ደንገልና መርፌ

የመምህር የመንፈቅ ዓመት ዕረፍት አጭር ናት። ፈተና አርሞ፥ ውጤት ሞልቶ፥ የክፍሉን ቁልፍ ለጽሕፈት ቤቱ እስኪያስረክብ ድረስ ግማሿ ታልቃለች። በ2015 ዓ.ም. በጥር ወር መጨረሻ የቀረችኝን አምስት ቀን ይዤ ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር የሄድኹት ታናሽ እኅቴን ለመጠየቅ ነበር። እኅቴ በዚያን ጊዜ በባሕር ዳር የጨርቃ ጨርቅ ጥበብ ተማሪ ነበረች፤ የመመረቂያ ሥራዋንም ልታስረክብ የቀሯት ዐሥር ቀኖች ብቻ ነበሩ። እናታችን አንድ ቋጠሮ በሶና አንድ ከረጢት የጥልፍ ክር አስይዛኝ፥ «እኔስ ከምግቡ ይልቅ ክሩ እንዳያልቅባት ነው የምፈራው» አለችኝ።

አውቶቡሱ ከንጋቱ በ12 ሰዓት ተነሣ። ደምበጫን፥ ፍኖተ ሰላምን፥ ቡሬን አልፎ እንጅባራ ሲደርስ ብርዱ እስከ አጥንት ይዘልቃል። እዚያ ቁርስ በላን። ከዳንግላ በኋላ አገሩ ዝቅ እያለ፥ አየሩም እየሞቀ ይሄዳል፤ መራዊን ሲያልፉ ካፖርቱ ይወልቃል። ከ250 ኪሎ ሜትር በላይ የሆነው መንገድ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ወሰደብን፤ አጠገቤ የተቀመጡት ሴትዮ ይዘዋት የነበረችው ዶሮ ግን ከእኔ ይልቅ በትዕግሥት ተጓዘች።

ባሕር ዳርን ብዙው ሰው በዘንባባዎቿና በሐይቋ ያውቃታል። እኔ ግን የጨርቅ ከተማ ናት ባይ ነኝ። ኢጣሊያ በጦርነቱ ላደረሰችው ጥፋት ከከፈለችው ካሣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካው በ1950ዎቹ መጀመሪያ ሲቆም፥ ከተማይቱ ገና ትንሽ የሐይቅ ዳር መንደር ነበረች። በ1955 ዓ.ም. በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የፖሊቴክኒክ ተቋሙ ተከፈተ። ያ ተቋም ከመምህራን ማሠልጠኛው አካዳሚ ጋር ተዋሕዶ በ1992 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሆነ። ዛሬ በዚሁ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የጥጥን ጠባይ፥ የፈትልን ሥራ፥ የልብስን ቅድና የጨርቅን ጌጥ የሚያስተምር ክፍል አለ። እኅቴ ወደዚያ ለመግባት ስትመርጥ በቤታችን ውስጥ ደስ ያለው ሰው እምብዛም አልነበረም። እውነቱን ለመናገር እኔም ራሴ «ጥልፍ ለመማር ዩኒቨርሲቲ ምን ያስኬዳል? እናትሽ ጋ ቁጭ ብለሽ አትማሪም?» ካሉት ውስጥ ነኝ።

የተከራየችው ክፍል አንድ አልጋና አንድ ጠረጴዛ ይይዛል። ግድግዳው ግን አይታይም፤ ከጣሪያ እስከ ወለል በወረቀት ተሸፍኗል። የደንገል ራስ፥ የሾላ ቅጠል ጅማት፥ የአምባዛ ጢም፥ በድንጋይ ላይ የደረቀ የውሃ ሽበት፥ የቡና ፍሬ በየደረጃው። አንዱን ቅጠል ዐሥራ አራት ጊዜ ሥላዋለች። ለምን እንደ ሆነ ብጠይቃት፥ «ጋሼ፥ መጀመሪያ የማየውን እሥላለሁ፤ ኋላ መርፌ የማይችለውን እየቀነስኹ እሄዳለሁ» አለችኝ። እውነትም ዐሥራ አራተኛው ሥዕል ሦስት መሥመር ብቻ ነበር፤ ግን ያው ሾላው መሆኑ አይጠፋም።

ለእኔ ከሁሉ የበለጠው የማኅተሙ ሥራ ነበር። አንባቢ ያስተውል፤ የደንገል አገዳ እንደ ሸንበቆ ክብ አይደለም፥ ሦስት ማዕዘን ነው። እኅቴ አገዳውን በስለት ቆርጣ ጫፉን ቀለም ታስነካና በጨርቅ ላይ ታትመዋለች። አንዱ ማኅተም ትንሽ ሦስት ማዕዘን ነው፤ ሃያው ጎን ለጎን ሲደረደር ግን የነጠላ ጥለት መስሎ ይወጣል። ሸማኔ በድርና በማግ የሚያወጣውን ቅርጽ ተክሉ በሰውነቱ ይዞት መኖሩ አስገረመኝ። ችግሩ የአገዳው ልብ እንደ ስፖንጅ ስለ ሆነ ቀለሙን ይመጠዋል፤ ከአምስት ወይም ከስድስት ማኅተም በኋላ ጫፉ ይለሰልስና ቅርጹ ይበላሻል። ስለዚህ እንደ ገና መቁረጥ ነው። በጠረጴዛው ሥር አንድ እቅፍ አገዳ ነበር፤ ከሥሩ የወደቀው ቁራጭ ደግሞ ሊቆጠር አይችልም።

ቀለሙንም ከቤት ውስጥ ነገር ለማውጣት ሞክራ ነበር። እርድ ቀቅላ ያወጣችው ቢጫ ወርቅ ይመስላል፤ ግን በመስኮት በኩል ፀሐይ ሲያገኘው በሳምንት ውስጥ ገረጣ። እንሶስላ በእጅና በእግር ላይ የሚያምረውን ያህል በጥጥ ላይ አልያዘላትም። በመጨረሻ የፋብሪካ ቀለም ገዛች። አስተማሪዋ ይህን ሲሰሙ ሳቁና፥ «እናቶቻችን ጨርቁን ነጭ ያደረጉት ያለ ምክንያት አይምሰልሽ» አሏት አሉ።

እንግዲህ ወደ ዋናው ጉዳይ ልምጣ። በአልጋው ላይ ተዘርግቶ የነበረው የመመረቂያ ሥራዋ ሁለት ሜትር ያህል የእጅ ሸማ ነው። መካከሉ በደንገል ማኅተም ተሞልቷል፤ ከታች በጠርዙ በኩል ደግሞ ሦስት ሳምንት የፈጀ ጥልፍ አለ፤ ለስላሳ ሐምራዊ አበባ፥ በመካከሉ ቢጫ ነጥብ ያለው፥ ዙሪያው ጠቆር ያለ፥ የጣዎስ ላባ ዓይን የሚመስል። በሰንሰለት ስፌት የተሠራው ቅጠሉ ይንጸባረቃል። ጨርቁን ገልብጬ ጀርባውን አየሁ፤ እናታችን ሁልጊዜ የምታየው ጀርባውን ነውና። ጀርባው እንደ ፊቱ ንጹሕ ነበር። በመምህርነት ልማዴ ግን፥ «አበባው ስድስት ቅጠል ነው ያለው፤ አንቺ አምስት ነው የጠለፍሽው» አልኋት።

«ይህ የሥነ ሕይወት ፈተና አይደለም» አለች ተቆጥታ። ከጥቂት ደቂቃ በኋላ ግን ከውሃ ባልዲ ውስጥ ያስቀመጠችውን አበባ አወጣችና ቆጠረች።

ያ አበባ እምቦጭ ነው። የትውልድ አገሩ ደቡብ አሜሪካ ነው፤ ለውበቱ ሲባል ሰዎች ከአገር አገር አዛውረውታል። የቅጠሉ ግንድ አብጦ በአየር የተሞላ ስለ ሆነ ሳይሰጥም ይንሳፈፋል፤ ቢቆርጡት የማር እንጀራ ይመስላል፤ ይህንንም እኅቴ አትማዋለች። ውሃው ከተመቸው በሁለት ሳምንት ያህል ውስጥ እጥፍ ይሆናል። በጣና ላይ መኖሩ የታወቀው በ2004 ዓ.ም. መጀመሪያ ነበር፤ ብርቱ ጉዳት ያደረሰውም በሐይቁ ሰሜናዊ ምሥራቅ በኩል፥ በደምቢያና በፎገራ ወገን ነው። በዚያ ገበሬው ከወገቡ በላይ ውሃ ውስጥ ገብቶ በእጁ ሲነቅለው የተነሡትን ፎቶግራፎች ያላየ የለም። ይህን ሁሉ በክፍል ውስጥ አስተምረዋለሁ። ሆኖም በዚያ ጨርቅ ላይ ሳየው መጀመሪያ ያልኹት «አበባው ስድስት ነው» ብቻ መሆኑን አልደብቅም።

በማግሥቱ ወደ ዘጌ ሄድን። የጀልባችን ባለቤት ጠጉራቸው የሸበተ፥ ጥቂት የሚናገሩ ሰው ነበሩ። በመንገዳችን ላይ ወይጦዎች ከጥንት ጀምሮ የሚሠሯት ዓይነት የደንገል ታንኳ እንጨት ጭና ትሄድ ነበር፤ እንደዚህ ያለችው ታንኳ ውሃ እየጠጣች ስለምትከብድ ብዙ ሳትቆይ በአዲስ ትተካለች። በዘጌ እንደ ቆየው ልማድ መሬት አይታረስም፤ ስለዚህ ቡናው ከደኑ ጥላ ሥር በራሱ ጊዜ ያደገ ይመስላል። ኡራ ኪዳነ ምሕረት ስንደርስ እኅቴ ከመቅደሱ ግድግዳ ፊት ቆማ አልነቃነቅ አለች። ሥዕሎቹ በጥጥ ጨርቅ ላይ ተሥለው በግድግዳው ላይ የተለጠፉ ናቸው፤ «ተመልከት፥ ይህም እኮ ጨርቅ ነው» ትለኛለች። በጎንደር ዘመን የነበሩ ሠዓሊዎች የቅዱሳኑን ልብስ በአበባ ማስጌጥ ይወዱ እንደ ነበር ነገርኋት፤ እርሷ ግን ከእኔ በፊት ታውቀው ኖሯል። ክብራን ገብርኤልን ከሩቅ ብቻ አየነው፤ ወደዚያ ሴት አትገባም። እኔ ብቻዬን ልግባ ብል ወንድምነቴ የሚፈርስ ስለ መሰለኝ ተውኹት።

ስንመለስ እኅቴ የሥዕል ደብተሯን ገልጣ ትሥል ጀመር። ባለጀልባው ከኋላ ሆነው ሲመለከቱ ቆዩና፥ «ልጄ፥ ያ ሐምራዊው ምንድን ነው?» አሏት።

«እምቦጭ ነው፥ አባቴ። ለጥልፍ ነው።»

ሰውዬው ሞተሩን ቀነስ አደረጉት። ትውልዳቸው ደምቢያ መሆኑን የነገሩን ያን ጊዜ ነው። ከአባታቸው የወረሱት ሥራ ዓሣ ማጥመድ ነበር። አንድ ዓመት መረባቸው ከእምቦጩ ጋር ተያይዞ ቢጎትቱት ተቀደደ፤ አበጁት፤ በሚቀጥለው ጊዜ ከነክብደቱ ጥለውት ተመለሱ። ቆሮሶው ከዳሩ ሸሸ፤ ከብቶቹም ወደ ውሃው መጠጊያ አጡ። ወደ ባሕር ዳር መጥተው የሰው ጀልባ መንዳት የጀመሩት ከዚያ በኋላ ነበር። «አበባውስ ያምራል፤ ማማሩን ማን ይክዳል» አሉ። «ግን እኔን ከቤቴ ያስወጣኝን አንቺ በቀሚስ ላይ ልታደርጊው ነው?»

እኅቴ ደብተሩን ዘጋች። እስከ ወደቡ ድረስ አንድም ቃል አልተናገረችም፤ እኔም የምለው ጠፋኝ።

ሁለት ቀን መርፌ አልነካችም። አንዱን ቀን ወደ ጢስ ዓባይ ይዣት ሄድኹ፤ ይህም ብዙ አልረዳም። በበጋ፥ ያውም ሁለተኛው የኤሌክትሪክ ጣቢያ በ1993 ዓ.ም. ከተሠራ ወዲህ፥ ፏፏቴው ስሙን የሚያሳፍር ቀጭን ነገር ሆኖ ይታያል። በመመለሻችን በዓባይ ላይ ሲሠራ የነበረውን አዲሱን ድልድይ አየን፤ ያ ድልድይ በ2016 ዓ.ም. በግንቦት ወር ተመርቋል። እኅቴ የምታየው ድልድዩን ሳይሆን ከሥሩ ያለውን ውሃ ነበር።

በማታው ተከራከርን። እኔ፥ ጥልፉን ፍቺውና በምትኩ እናታችን የምትጠልፈውን መስቀል አድርጊበት አልኋት፤ ቀኑ ጥቂት ነው፥ መስቀሉን ደግሞ ዓይኗን ጨፍና ትሠራዋለች። እርሷም፥ «እሱማ ቀላል ነው። ግን የሐይቁን ነገር ከሐይቁ ዳር ተቀምጬ ልዋሽ?» አለች። ደንገሉን ብቻ ብትተው ጣና ደኅና ነው ማለቷ ይሆናል፤ እምቦጩን በጌጥነት ብታስቀምጠው ደግሞ የሰውዬውን ኀዘን መርገጧ ነው። እኔ መልስ አልነበረኝም። ተኛሁ። ሌሊት ስነቃ መብራቱ በርቶ፥ ሸማውን በጉልበቷ ላይ ዘርግታ፥ በጠመኔ አዲስ መሥመር ታሠምር ነበር። እምቦጩ አሁን ከጠርዙ ተነሥቶ ወደ ደንገሉ ማኅተም ውስጥ እየዘለቀ፥ ሦስት ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ እየሸፈነ ይወጣል። ሐምራዊው በበዛበት ቦታ ጥለቱ ይጠፋል።

በአራተኛው ቀን ጨርቁን በነጠላዋ ጠቅልላ ወደ ወደቡ ይዛው ወረደች። ባለጀልባው ጥላ ሥር ተቀምጠው ቡና ይጠጡ ነበር። ሸማውን በድንጋዩ ላይ ዘረጋችላቸው። ብዙ ጊዜ ዝም ብለው ተመለከቱ። እኔ ይቆጣሉ ብዬ ፈርቼ ነበር። እርሳቸው ግን ጣታቸውን በሱሪያቸው ጠረጉና ጠርዙን ዳሰስ አድርገው፥ «ይህ ጣና ነው?» አሉ።

«አዎ፥ አባቴ።»

«እንግዲያው ተሳስተሻል። ከታች አይደለም የሚገባው። ከታች ባሕር ዳር ነው፥ እኛ ያለንበት። እርሱ የመጣው ከዚህ ነው።» ጣታቸውን በቀኝ በኩል በላይኛው ጥግ ላይ አኖሩ። «ከመገጭ ወንዝ አፍ። ከዚያ ነፋስ እየገፋው በዳር በዳሩ ይወርዳል። መካከሉን አልያዘውም፤ መካከሉን ተዪው።»

እኅቴ ወደ እኔ ተመለከተች። በታችኛው ጠርዝ ላይ የነበረው የሦስት ሳምንት ሥራ ነው፤ ለማስረከብ የቀራት ደግሞ ስድስት ቀን ብቻ። ሰውዬው ይህን አያውቁም፤ እርሷም አልነገረቻቸውም። ጠመኔዋን ከቦርሳዋ አውጥታ ሰጠቻቸውና፥ «እስኪ እርስዎ ያሠምሩልኝ» አለቻቸው።

በዚያ ማታ የታችኛውን ጠርዝ ትፈታ ጀመር። ክሩ እንዳይበጠስ፥ ዳግመኛ እንዲያገለግል፥ ከጀርባው በኩል በመርፌ ጫፍ እያነሣች ትስበዋለች። እኔም የተፈታውን በካርቶን ላይ እጠቀልል ነበር። ከእናታችን ከረጢት ውስጥ ሐምራዊ ክር ፈልጌ ሁለት ጥቅል አገኘሁ። ከሌሊቱ በ6 ሰዓት ግድም፥ «ስድስት ቅጠል ነበር ያልከኝ?» አለችኝ። «ስድስት ነው» አልኋት። አውቶቡሴ በ12 ሰዓት ሲነሣ እርሷ የላይኛውን ጥግ ጀምራ ነበር።