ስለ አሮጌ የታሪክ መጻሕፍትና ስለ አንድ ደብተር

ቤቴ የሚመጣ እንግዳ የመጻሕፍት መደርደሪያዬን ሲያይ ብዙ ጊዜ ያዝንልኛል። ሽፋናቸው የወለቀ፥ ዳራቸውን ምስጥ የበላው፥ መጀመሪያቸው ወይም መጨረሻቸው የጐደለ መጻሕፍት ተደርድረው ሲያገኝ፥ ሰውዬው ገንዘብ ቢያጣ ነው ብሎ ሳያስብ አይቀርም። ስለ መላዪቱ ኢትዮጵያ የተጻፉትን ትልልቅ የታሪክ መጻሕፍት እኔም አክብሬ አነባቸዋለሁ። ነገር ግን ልቤ የሚያደላው፥ አንድ ሰው ስለ ተወለደበት አገር፥ ስለ ደብሩና ስለ ዘሩ ወደ ጻፈው፥ ከጎረቤቶቹ በቀር ማንም ያነበዋል ብሎ ወዳላሰበው መጽሐፍ ነው። እንዲህ ያለውን መጽሐፍ ፍለጋ በመርካቶ አሮጌ ወረቀት በኪሎ ከሚሸጥበት ዘንድ ተቀምጬ ያሳለፍሁት ቅዳሜ ብዙ ነው። አንድ ቀንም በርበሬ የተጠቀለለበትን ቅጠል ገልጬ ሳነብ፥ የቀረው ክፍል ቀድሞ የተሸጠው ለማን እንደ ሆነ ባለ ሱቁን ብጠይቀው፥ «በርበሬ ለገዛው ሁሉ ነዋ!» ብሎ ስቆብኛል።

የእነዚህ መጻሕፍት ጠባያቸው ልዩ ነው። አለቃ ታየ ገብረ ማርያም ስለ ኢትዮጵያ ሕዝብ ታሪክ የጻፉትን ያነበበ ሰው እንደሚያስታውሰው፥ የሕዝቡን አመጣጥ ከኖኅ ልጆች ጋራ እያያያዙ ይተርካሉ። ብላቴን ጌታ ማኅተመ ሥላሴ ወልደ መስቀል በ1942 ዓ.ም. ያሳተሙት «ዝክረ ነገር» ደግሞ የመሬቱን ሥሪትና የግብሩን ዓይነት ከቤተ መንግሥቱ ሥርዓት ጋራ በአንድ ጥራዝ ያስገባ፥ መጽሐፍ ከማለት ጐተራ ቢሉት የሚገባ ሥራ ነው። እኒሁ ሰው በ1961 ዓ.ም. ስለ ፈረስ ስም ጽፈዋል። አባ ታጠቅ ሲባል አጤ ቴዎድሮስ፥ አባ ዳኘው ሲባል አጤ ምኒልክ፥ አባ ነጋ ሲባል ራስ አሉላ መሆናቸውን ሁሉም ያውቃል፤ ነገር ግን የፈረስ ስም ራሱን የቻለ ታሪክ ነው ብሎ ተቀምጦ የሚሰበስብ ሰው ስንት ይገኛል? በወጣትነቴ እንዲህ ያለውን ሳነብ እስቅ ነበር። አሁን አልስቅም፤ ምክንያቱን በጐጃም ተምሬዋለሁ።

በ1964 ዓ.ም. በቢቸና አውራጃ መምህር ሆኜ ስሠራ፥ በአንድ ደብር አጠገብ የሚኖሩ አንድ ሽማግሌ መሪጌታ የአገሩን ታሪክ በደብተር ጽፈው እንደ ያዙ ሰማሁ። ያን ጊዜ አለቃ ተክለ ኢየሱስ ዋቅጅራ የጻፉት የጐጃም ታሪክ ገና በእጅ ጽሑፍ ነበረ። እኒህ አለቃ በትውልዳቸው ኦሮሞ ሲሆኑ በሕፃንነታቸው በጦርነት ተማርከው ወደ ጐጃም የመጡ፥ በንጉሥ ተክለ ሃይማኖት ዘመንም ያደጉ ሠዓሊና ጸሐፊ ናቸው። ከዓባይ እስከ ዓባይ ያለውን ሕዝብ ትውልድ ለመቍጠር የተነሡት እኒህ በምርኮ የመጡት ሰው መሆናቸው ሁልጊዜ ይደንቀኛል። የእንግሊዝኛው ትርጕም በኦክስፎርድ የታተመው እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ2014 ነው። እኔም የመሪጌታው ደብተር የዚሁ መጽሐፍ አንድ ግልባጭ ይሆናል ብዬ ተስፋ አድርጌ፥ ስኳርና ቡና ይዤ ሄድሁ።

መሪጌታው በደኅና ተቀበሉኝ፤ ጠላም አስቀዱልኝ። ስለ ደብተሩ ስጠይቃቸው ግን ፊታቸው ተለወጠ።

«የኔታ፥ መጽሐፉን ለማየት ብቻ ነው የመጣሁት» አልኋቸው።

«ልጄ፥ እሱ መጽሐፍ አይደለም፤ መሬት ነው» አሉኝ።

በዚያ አገር የርስት ሥርዓት አንድ ሰው በአባቱም ሆነ በእናቱ በኩል የዘር ሐረጉን ቈጥሮ መሬቱን መጀመሪያ ከያዘው ከአቅኚው አባት ከደረሰ፥ ተወላጅ ነኝ ብሎ ድርሻውን ይጠይቅ ነበር። ክርክሩም ትውልድ ያልፍ ነበር። ስለዚህ እገሌ እገሌን ወለደ የሚለው፥ ከሩቅ ለሚያየው አሰልቺ የሚመስለው የስም ተራ፥ ለባለቤቱ እርሻና ጎጆ ነበረ። ደብተሩም በማኅደር ሆኖ ከመሪጌታው ራስጌ ተሰቅሎ ይታየኛል፤ አልተሰጠኝም። ጠላዬን ጠጥቼ ተመለስሁ።

የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ሁሉ የሕዝብ ሀብት እንዲሆን ታወጀ። ከዚያ ወዲያ የዘር ቈጠራው በዳኛ ፊት የሚያስገኘው ጥቅም ቀረ። እኔም ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ ስኖር፥ በ1971 ዓ.ም. የመሪጌታው ልጅ አድራሻዬን ጠይቆ መጣ። አባቱ ዐርፈዋል። ከነጠላው ውስጥ ያንን ማኅደር አውጥቶ፥ «ጋሼ፥ ያን ጊዜ ይፈልጉት ነበር ይባላል፤ አሁን ማንም አይፈልገው» አለኝ። ሠላሳ ብር ሰጠሁት። ዋጋው ትንሽ እንደ ነበረ ያን ጊዜም ዐውቄዋለሁ፤ እሱም ሳይከራከር ተቀበለኝ።

ደብተሩ የአለቃ ተክለ ኢየሱስ ግልባጭ አልነበረም፤ የዚያው የአንዱ ደብር አካባቢ ሰዎች ታሪክ ነበረ። ተራራው ለምን እንዲያ ተባለ፥ ታቦቱ በማን ዘመን ገባ፥ ማን ከማን ተጣላ የሚለው ሁሉ ተጽፎበታል። ከዚያም የስሙ ተራ ይመጣል። ሌሊት በፋኖስ ሳነበው፥ ከአቅኚው አባት በሰባተኛውና በስምንተኛው ትውልድ መካከል፥ በጠባብ ቦታ፥ ቀለሙ ከሌላው የጠቈረ አንድ ስም ገብቶ አገኘሁ። አንድ ሰው ለአንድ ክርክር ሲል አንድ አያት ጨምሯል! መጀመሪያ ተናደድሁ፤ ታሪኩን አበላሸብኝ ብዬ። ቈይቼ ግን ከመላው ደብተር ይልቅ ያችን ጥቁር ስም መውደድ ጀመርሁ። ስለዚያ አገር ኑሮ፥ ስለ ጭንቀቱና ስለ ተስፋው፥ ከእሷ የበለጠ የሚናገር ገጽ የለም። አለቃ ታየንም ዳግመኛ ያነበብሁት ከዚያ በኋላ ነው፤ ሰው ለወገኑ ጥንታዊ አባት ሲፈልግ ምን ፈልጎ እንደ ሆነ እየጠየቅሁ።

ደብተሩን እጅግ ስለ ወደድሁት አንድ በደል አደረግሁበት። ስፌቱ ስለ ላላ በ1974 ዓ.ም. ለጠራዥ ሰጠሁት፤ በደኅና ቆዳ እንዲጠርዝልኝም አደራ አልሁት። በሳምንቱ ስመለስ ያማረ ጥራዝ ተቀበለኝ፤ ዳራው በወርቅ ቀለም ተጽፎበታል፤ የቅጠሎቹም ጠርዝ በመቍረጫ ተስተካክሎ እንደ አዲስ መጽሐፍ ለስልሷል። ደስ ብሎኝ ከፈልሁና ወሰድሁት። ቤቴ ገብቼ ስገልጠው ነው የተቈረጠውን ያየሁት። መሪጌታው በኅዳጉ ላይ በደቃቅ ጽሕፈት የአንበጣውን ዓመት፥ ያበደሩትን እህል፥ የልጆቻቸውን ልደት እየጻፉ ኖረዋል። እኔ ዓይኔ ከዘሩ ሐረግ ላይ ስለ ነበረ ይህን በደንብ አንብቤው አላውቅም ነበር፤ ለብቻውም አልገለበጥሁትም። አሁን ከየመስመሩ የቀረው ግማሹ ነው። ጠራዡ ምን ያድርግ፤ ጠርዙን አትንካ ያለው የለም።

በ1996 ዓ.ም. የመሪጌታው ልጅ ሸምግሎ እንደ ገና በሬን አንኳኳ። ታናሽ እኅቱ ከዚህ ከአዲስ አበባ ዐርፋለች። ልጅ ሳለች ከአገር ወጥታ በሰው ቤት ስታገለግል የኖረች ናት፤ የነፍስ አባቷም ከእሷ በፊት ሞተዋል። ቄሱ ለጸሎቱ የክርስትና ስሟን ጠየቁ፤ የሚያውቅ ጠፋ።

«አባቴ የሁላችንንም የክርስትና ስም በዚያ ደብተር ኅዳግ ጽፎት ነበር» አለኝ።

ደብተሩን አወረድሁት። እጄ እየተንቀጠቀጠ ገለጥሁ። የእሱን ስም አገኘን፤ እሱ በግራው ገጽ፥ ከስፌቱ በኩል ስለ ተጻፈ ተርፏል። የእኅቱ በቀኙ ገጽ ጠርዝ ላይ ነው። «ወለተ» ይላል፤ ከዚያ ቀጥሎ የአንድ ፊደል መጀመሪያ ጭረት፥ ከዚያ ወዲያ የተላገ የወረቀት ጠርዝ። ወለተ ማርያም ትሁን ወይም ወለተ ሚካኤል፥ ወይም ሌላ፥ ከጭረቱ መለየት አይቻልም። መነጽሬን አውልቄ፥ መልሼ አድርጌ፥ በብርሃን ፊት ይዤ አየሁት። እሱ ዝም ብሎ ሲያየኝ ቈየና፥

«ቍራጩን የት ጣሉት?» አለኝ።

ሃያ ሁለት ዓመት ሆኖታል ብዬ ለመመለስ አፌ አልታዘዝልህ አለኝ። ደብተሩን መልሶ እንዲወስደው ለመንሁት፤ ያለ ዋጋ። እሱ ግን ቆዳውን በመዳፉ ዳሰሰና፥ «እኔ ዘንድ ጣራው ያፈሳል፤ እርስዎ ዘንድ ይቀመጥ» አለኝ። ያችን ገጽ ብቻ ስለ ፈለገ አብረን ወጥተን ፎቶ ኮፒ አስነሣሁለት። አጣጥፎ በደረት ኪሱ ከተተና፥ ቄሱ እየጠበቁት ስለ ነበረ፥ ፈጥኖ ሄደ።