የወተት ጥርስ መስሎን

ዛሬ የምጽፈው ስለ ጥርስ ነው። አትሳቁ፤ እኔም ከዓመት በፊት ቢሆን እስቅ ነበር።

ያስተማርኳችሁ ልጆች ታስታውሳላችሁ፤ ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍር የማየው እኔ ነበርኩ። በዚያ ሁሉ ዓመት አንድም ቀን "እስኪ አፋችሁን ክፈቱ" ብዬ አላውቅም። ቤቴም ያው ነበር።

ባለፈው ክረምት ልጄ 7 ዓመት ተኩል ሆኗት ነበር። አንድ ሌሊት ጉንጯን ይዛ "አባዬ፣ ጥርሴን!" እያለች እያለቀሰች ተነሳች። እናቴ ቅርንፉድ አደረገችላትና "ምን ያስጨንቅሃል ልጄ፣ የወተት ጥርስ አይደል? ይረግፋል" አለችኝ። እኔም አመንኩ። ሕመሙ እየሄደ እየመጣ፣ እኛም "ይረግፋል" እያልን ሦስት ሳምንት አለፈ።

በመጨረሻ ጥርስ ሐኪም ጋ ወሰድኳት። ሐኪሟ አይታ "ይሄ እኮ የወተት ጥርስ አይደለም" አለችኝ።

"እንዴት ሊሆን ይችላል? በዚያ በኩል ምንም ጥርስ አልረገፈላትም እኮ" አልኳት።

"ብዙ ወላጆች የሚሳሳቱት እሱ ላይ ነው" ብላ አስረዳችኝ። ልጅ 6 ዓመት ገደማ ሲሆነው ከወተት ጥርሶቹ ሁሉ ኋላ አራት መንጋጋዎች ይበቅላሉ፤ ከላይ ሁለት፣ ከታች ሁለት። ማንንም አይተኩም። ምንም ሳይረግፍ፣ ድምፃቸውን አጥፍተው ነው የሚወጡት። ልጁ ዕድሜ ልኩን የሚያኝከው ግን በእነሱ ነው።

የልጄ አንደኛው ተሞላ። ያመማት ግን ውስጡ አልቆ ስለነበር ተነቀለ።

ቤት ስንገባ ጥርሷን በሶፍት ጠቅልላ ይዛዋለች። የፊት ጥርሶቿ ሲረግፉ ከአያቷ ጋር ጣሪያ ላይ እየወረወረች አዲስ ትለምን ነበር። "አባዬ፣ ይሄንንም እንወርውረው፣ አዲስ እንዲበቅልልኝ" አለችኝ። ወረወርነው። እንደማይበቅል የዚያን ቀን ልነግራት አልቻልኩም።

በእናቴ አልፈርድም። እሷ ያደገችው በመፋቂያ ነው፤ ከረሜላና ብስኩትም በየቀኑ አታገኝም ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው። ባለ ሥዕል ብሩሽ ገዛሁላት፣ ጠዋት "ቦረሽሽ?" እላለሁ፣ "አዎ" ትላለች፣ አለቀ። ማታ ደግሞ ስኳር የበዛበት ሻይ በዳቦ በልታ እንዲሁ ትተኛለች። የጫማዋን ክር አጥብቃ ማሰር የማትችል ልጅ የኋላ መንጋጋዋን እንዴት አድርጋ ነው በደንብ የምትቦርሸው?

ከተማሪዎቼ ብዙዎቻችሁ ዛሬ ወላጆች ናችሁ። ስለዚህ የተማርኩትን ልንገራችሁ።

መቦረሽ የሚጀመረው የመጀመሪያዋ ጥርስ ብቅ ስትል ነው። በቀን ሁለቴ ነው፤ የማታው በፍጹም አይዘለልም። ከዚያ በኋላ እስኪነጋ ከውኃ በቀር ምንም አይሰጥም፤ ጡጦ ጎርሶ መተኛትም የለም። ፍሎራይድ ያለው የጥርስ ሳሙና ይሁን፤ ከ3 ዓመት በታች ለሆነ የሩዝ ፍሬ የምታህል፣ ከ3 እስከ 6 ዓመት ላለ የአተር ፍሬ የምታህል ትበቃለች። እስከ 7 እና 8 ዓመት ድረስ ልጁ ቢቦርሽም፣ እናንተ ድገሙለት።

የወተት ጥርስም ቢሆን "ይረግፋል" ተብሎ አይተውም። የኋለኞቹ እስከ 10 እና 12 ዓመት ይቆያሉ፤ ለሚመጣው ጥርስ ቦታ የሚጠብቁት እነሱ ናቸው። ሕመሙ ደግሞ የወተት ነው ብሎ አይቀንስም፤ ምግብም እንቅልፍም ይነሳል።

አሁን ማታ ማታ ልጄን ጭኔ ላይ አስተኝቼ እኔው እቦርሽላታለሁ። ታጉረመርማለች፤ ግን አፏን ትከፍታለች።

እናንተም ዛሬ ማታ የስልካችሁን መብራት አብሩና የልጃችሁን አፍ እዩ። 6 ዓመት ካለፈው፣ ከፊት ከመሃል ጀምራችሁ ወደ ኋላ ቁጠሩ። ስድስተኛው ወጥቶ ከሆነ፣ እሱ አይረግፍም። እኔ ሰልፍ ላይ ያላየሁትን፣ እናንተ ቤታችሁ እዩልኝ።