ሁልጊዜ «ታይፎይድ»

አንዲት የኮተቤ ሴት ማታ ማታ ያተኩሳታል፤ ላቧ አንሶላውን ያረጥበዋል፣ ወገቧን ይቆረጥማታል። ሰንበት ብሎ ይሻላትና ደግሞ ያገረሽባታል። ባሏ በፌስታል ያጠራቀመው የላብራቶሪ ወረቀት ሁሉ ቃሉ አንድ ነው፦ «ዊዳል ፖዘቲቭ»። በየጊዜው ሲፕሮ የተባለው አንቲባዮቲክ ይታዘዝላታል። እናቷ እንጦጦ ማርያም ጸበል ትግባ ባይ ናቸው፤ ባሏም መድኃኒቷን እስካላቋረጠች ድረስ አልተቃወመም።

ዊዳል ፈረንሳዊው ሐኪም ፈርናንድ ዊዳል በ1896 እ.ኤ.አ. ያስተዋወቁት የታይፎይድ ምርመራ ነው። የሚያየው ባክቴሪያውን ሳይሆን ሰውነት የሠራውን ፀረ እንግዳ አካል ነው፤ ስለዚህ የድሮ ሕመም ወይም ሌላ ኢንፌክሽንም ፖዘቲቭ ሊያደርገው ይችላል። የደም ካልቸር ይሻላል፤ ግን ቀናት ይፈጃል፣ በየክሊኒኩም አይገኝም።

ጥሬ ወተት ትጠጪያለሽ ወይ ብሎ የጠየቃት ግን የለም! ከጥሬ ወተት ሊይዝ የሚችለው ብሩሴሎሲስም እንዲሁ እየሄደ የሚመለስ ትኩሳት፣ ላብና የመገጣጠሚያ ሕመም ያመጣል፤ ሕክምናውም አብዛኛውን ጊዜ ቢያንስ 6 ሳምንት፣ ያውም በሁለት መድኃኒት ነው። ቲቢም የሌሊት ላብ አለው።

የትዳር አጋራችሁ በዓመት ሦስት አራቴ «ታይፎይድ ነው» ከተባለ፣ የቆዩትን ወረቀቶች ይዛችሁ የውስጥ ደዌ ሐኪም ዘንድ ሂዱ፤ «ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?» ብላችሁም ጠይቁ።