ከደጋ ወደ በለስ ሲወርዱ

ከዘመድ ወገንዎ መካከል ግልገል በለስ ወይም ፓዌ የሚኖር አይጠፋ ይሆናል። በመምህርነት ተመድባ የሄደች እህት፣ በጤና ሠራተኛነት ሄዶ እዚያው የቀረ ወንድም፣ አለዚያም በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. በሰፈራ ከወሎ ወይም ከከምባታ የሄደ አጎት ሊሆን ይችላል። «ልጆቹ አያታቸውን ሳያውቁ ሊያድጉ ነው ወይ? ይዛችሁ ኑ እንጂ» የሚለው ጥሪ ሲደጋገም ቤት ውስጥ የጉዞ ወሬ ይጀመራል። አባት መኪናውን ያስባል፤ ልጆች ዓባይን ለማየት ይቸኩላሉ፤ ስንቁን፣ ልብሱን፣ መድኃኒቱንና ገንዘቡን ማሰብ ግን ዞሮ ዞሮ የእናት ድርሻ ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የተሰናዳው ለዚያች እናት ነው።

ከሁሉ አስቀድሞ የሚጠየቀው የመንገዱ ሰላም ነው። ይህ የሚሸፋፈን ነገር አይደለም። ግልገል በለስ ዋና ከተማው የሆነችለት የመተከል ዞን ለዓመታት በግጭት ታምሷል። በታኅሣሥ 2013 ዓ.ም. በቡለን ወረዳ በኩጂ በምትባል ቀበሌ ብቻ ከ100 በላይ፣ በኋላም ከ200 በላይ መሆናቸው የተነገረ ሰዎች ተገድለዋል። ከዞኑ የሸሹ ብዙ ሺ ሰዎች ቻግኒ አጠገብ ራንች በሚባለው ስፍራ ሲጠለሉ፣ እናቶች ሕፃናትን በድንኳን ውስጥ አሳድገዋል። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ ከታጠቁ ወገኖች ጋር የሰላም ስምምነት ተደርጎ ብዙዎች ወደ ቀያቸው ተመልሰዋል። ይሁን እንጂ በዚያው ዓመት ማብቂያ ላይ በአማራ ክልል ግጭት በመቀስቀሱ፣ ወደ መተከል የሚያደርሰው የጎጃም መንገድ ሲዘጋና ሲከፈት ኖሯል። በሰኔ 2016 ዓ.ም. ደግሞ ገርበ ጉራቻ አካባቢ፣ ብዙዎቹ ተማሪዎች የሆኑ የአውቶቡስ መንገደኞች መታገታቸው የሚረሳ አይደለም።

ስለዚህ እርስዎ የሚጠይቁት ትኬት የሚሸጠውን ሰው አይሁን። እርሱ ወንበር መሙላት አለበት። ይልቅስ በለስ ያለው ዘመድዎ ይጠየቅ፤ ቻግኒ ወይም እንጅባራ የሚያውቁት ሰው ካለ ይደወልለት፤ ትናንት ወይም ከትናንት ወዲያ በዚያ መንገድ የመጣ ሾፌር ተፈልጎ ይነጋገሩት። የሦስቱም መልስ አንድ ከሆነ ጥሩ ነው። ከአንዳቸው «ይሆናል፣ እግዜር ያውቃል» የሚል ቃል ከሰሙ ግን ጉዞውን ለሌላ ወር ያቆዩት። አያት ቅር ቢላቸውም ይቅርታ ያደርጋሉ። አቅም ያለው ሰው እስከ ባሕር ዳር በአውሮፕላን ሄዶ በዳንግላ በኩል ወደ እንጅባራ ቢወርድ የመንገዱን እኩሌታ ይቀንሳል፤ ያም ቢሆን ከባሕር ዳር ወዲያ ያለውን መንገድ ሳይጠይቁ መነሣት አይገባም።

ቀጥሎ ወቅቱ ነው። ብዙ ቤተሰብ ትምህርት ቤት ሲዘጋ በክረምት መሄድ ይቀናዋል። ለበለስ ግን ክረምት ክፉ ምርጫ ነው። ዝናቡ ከግንቦት አንሥቶ እስከ ጥቅምት ይዘልቃል፤ በዓባይ በረሃ ቁልቁለት መሬቱ ስለሚንሸራተት አስፋልቱ ይሰነጠቃል፣ አንዳንዴም ይደረመሳል። መስከረም፣ ጥቅምትና ኅዳር ሜዳው ያማረ ቢሆንም ወባ የሚበረታው ያኔ ነው። የካቲትና መጋቢት ደግሞ በግልገል በለስ ሙቀቱ ከ35 ዲግሪ ያልፋል፤ ለጨቅላ ሕፃን አይመከርም። የሚቀረው ታኅሣሥና ጥር ነው። መንገዱ ይደርቃል፣ ሌሊቱ ይቀዘቅዛል፣ ትንኙም ይቀንሳል፤ የግማሽ ዓመቱ የትምህርት ዕረፍትም በዚያው ሰሞን ስለሆነ ልጆች ከትምህርት አይቀሩም። ከሆነልዎት ደግሞ ጥር 23 ቀን እንጅባራ እንዲደርሱ አድርገው ያስሉት። የአገው ፈረሰኞች ማኅበር ዓመታዊ በዓሉን የሚያከብረው በዚያ ዕለት ነው። ያሸበረቀ ፈረስ በሽቅድምድም ሲጋልብ ያየ ልጅ በከተማ ከሚያየው ፊልም አስበልጦ ያወራዋል።

አሁን መንገዱን እንመልከተው። ከአዲስ አበባ እስከ ግልገል በለስ ከ500 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። በካርታ ላይ ሲያዩት ወደ ሰሜን ምዕራብ የተዘረጋ መስመር ይመስላል። በእውነቱ ግን ሁለት ጊዜ የሚወርድና አንድ ጊዜ የሚወጣ ደረጃ ነው። በአዲሱ ገበያ በኩል የእንጦጦን ጋራ ተሻግረው ሱሉልታ ሜዳ ላይ ሲወጡ ንጋቱ ብርድ ነው፤ ለልጆቹ ሹራብና ጋቢ ከሻንጣ ውስጥ ሳይሆን ከእጅዎ አጠገብ ይኑር። ጫንጮን፣ ሙከጡሪንና ገርበ ጉራቻን አልፈው ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ምድር ከእግርዎ በታች ትከፈታለች። ከዚያ እስከ ዓባይ ድልድይ ድረስ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወረዳል፤ በየ1,000 ሜትሩም ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይጨምራል። ጎሐ ጽዮን ላይ ተጀቡኖ የተቀመጠ ልጅ ድልድዩ ላይ ሲደርስ በላብ ይጠመቃል። ትውከት የሚጀምረውም በዚህ ጠመዝማዛ ላይ ነው።

ስለ ትውከት አንድ ነገር ላንሣ። ብዙ እናቶች ልጁ መንገድ ላይ እንዳይርበው ብለው ገና ሳይነጋ ፍርፍር ወይም ወተት ያጠጡታል። ለዓባይ በረሃ ይህ አይሆንም። ጎሐ ጽዮን ከመድረስዎ ከአንድ ሰዓት በፊት ትንሽ ደረቅ ዳቦ ወይም ዳቦ ቆሎ ይበቃዋል፤ ውኃ በጥቂት በጥቂቱ ይጠጣ፤ ስልክ ወይም መጽሐፍ አያንብብ፤ ፊቱን ወደ ፊት አድርጎ ከሩቅ ያለውን ተራራ ይመልከት። መስኮት በትንሹ ይከፈት። ያም ሆኖ ፌስታል አይርሱ። የራስዎ መኪና ከሆነ ሾፌሩ ቁልቁለቱን በከባድ ማርሽ ይውረድ፤ ፍሬን እየረገጡ መውረድ ፍሬኑን ያግለዋል። እንዲህ ያለውን ነገር ለባል ማሳሰብ አንዳንድ ቤት ጠብ እንደሚያስነሣ አይጠፋኝም። ጠቡ ዓባይ በረሃ ላይ ከሚነሣ እቤት ቢያልቅ ይሻላል።

ከታች ሁለት ድልድዮች አሉ፤ አሮጌው፣ ከጎኑም በጃፓን መንግሥት እርዳታ የተሠራው አዲሱ። ጠባቂዎቹ ሳይፈቅዱ ካሜራ አይወጣም። ከዚያ ሽቅብ ወደ ደጀን ይወጣል፤ ከደጀን በኋላ ሉማሜ፣ ደብረ ማርቆስ፣ ደምበጫ፣ ፍኖተ ሰላም፣ ቡሬ እያለ ለጥ ባለው የጤፍና የበቆሎ አገር ላይ መንገዱ ይገሰግሳል፤ ከ4,000 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው የጮቄ ተራራም በስተ ቀኝ በኩል ከሩቅ ይታያል። በዚህ መካከል የሚያስቸግር ነገር የለም። ከልጆች ጋር በአንድ ቀን ሁሉን ለመጨረስ መሞከር ግን ከንቱ ድካም ነው፤ ደብረ ማርቆስ ወይም እንጅባራ ይደሩ። ሌሊት በዚህ መንገድ አይጓዙ።

እንጅባራ ከ2,500 ሜትር የማያንስ ከፍታ ያላት፣ ጭጋግና ቀርከሃ የሞላባት ከተማ ናት። ልጆቹን ወደ ዘንገና ሐይቅ ወስደው ቢያሳዩአቸው መልካም ነው፤ እሳተ ገሞራ በፈጠረው ጎድጓዳ ውስጥ የተኛ ክብ ውኃ ነው። ከዚህች ከተማ ነው እንግዲህ ከዋናው መንገድ ተገንጥለው ወደ ግራ የሚታጠፉት። ሁለተኛው ቁልቁለት የሚጀምረው እዚህ ላይ ነው። እንደ ዓባይ በረሃ በገደል የሚያስፈራራ አይደለምና ብዙ ሰው ቁልቁለት መሆኑንም ልብ አይለውም። ባሕር ዛፉ ይቀንሳል፣ የቻግኒ ማንጎ ይመጣል፤ ከቻግኒ ወዲያ ሣሩ ይረዝማል፣ ከሽመል የተሠሩ ክብ ቤቶች ይታያሉ። በ100 ኪሎ ሜትር ገደማ ውስጥ 1,500 ሜትር ያህል ወርደው፣ 1,000 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ያለችው ግልገል በለስ ይደርሳሉ። ማለዳ የለበሱት ካፖርት እዚህ ሸክም ይሆናል።

የከተማይቱ ስም የወንዟ ስም ነው፤ ዋናው በለስ ትልቁ ወንዝ ሲሆን ትንሹ ግልገል ተብሏል። ለልጆች የሚነገር አንድ ደስ የሚል ነገር አለ። በ2002 ዓ.ም. በተመረቀውና 460 ሜጋ ዋት በሚያመነጨው የጣና በለስ የኃይል ማመንጫ ምክንያት የጣና ውኃ 12 ኪሎ ሜትር ያህል በተራራ ሆድ ውስጥ ተጉዞ ወደ በለስ ይገባል፤ በለስም ወርዶ ዓባይን ይቀላቀላል። ጎሐ ጽዮን ሥር የተሻገሩት ዓባይ ከጣና የወጣ ነው፤ ዋናው በለስም የጣናን ውኃ ተሸክሟል። ሁለቱም የሚገናኙት በዚሁ በመተከል ዞን፣ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ በሚገኝበት በጉባ በኩል ነው።

በከተማው መንገድ ላይ በትከሻዋ ላይ ዘንግ አግድማ፣ በዘንጉ ሁለት ጫፍ ሸክም አንጠልጥላ የምትሄድ የጉሙዝ ሴት ያያሉ። በአንዱ ጫፍ እንጨት፣ በሌላው ጫፍ ቅል ወይም ሕፃን ሊሆን ይችላል። ልጆችዎ በጣት እንዳይጠቁሟት፣ ሳያስፈቅዱም ፎቶግራፍ እንዳያነሧት አስቀድመው ይንገሯቸው። የደጋ ሰው ይህን ሕዝብ በባሪያ ፈንጋዮች ዘመን በድሎታል፤ አሁንም በከተማ ቤቶች ውስጥ የሚነገሩ ስድብ መሰል ቃላት አሉና ልጆቹ ከእኛ የሰሙትን ይዘው እንዳይሄዱ መጠንቀቅ የእኛ ፋንታ ነው። በ1977 እና በ1978 ዓ.ም. ከ80 ሺ የሚበልጥ ሰፋሪ በበለስ ሜዳ ሲሰፍር፣ ጉሙዞች የሚያድኑበት፣ ማር የሚቆርጡበትና እያፈራረቁ የሚያርሱት መሬት መሆኑን ያሰበላቸው አልነበረም። ሰፋሪውም ቢሆን በፈቃዱ ብቻ የመጣ አልነበረም፤ በመጀመሪያዎቹ ዓመታት በወባና በልዩ ልዩ በሽታ ብዙ ልጆቹን ቀብሯል። እስከ ዛሬ መንደሮቹ በቁጥር ነው የሚጠሩት፤ አያቶች «መንደር 7» ወይም «መንደር 14» ሲሉ ልጅ ይስቃል። ለምን በቁጥር እንደ ተጠሩ ከራሳቸው አንደበት ቢሰማ ግን ታሪክ ይማራል።

አጥኚዎችና የጤና ባለሙያዎች ደጋግመው የጻፉት ሌላም ጉዳይ አለ። በጉሙዝ ልማድ ወላድ ሴት የምጥዋ ሰዓት ሲደርስ ከቤት ርቃ፣ ብዙ ጊዜም ብቻዋን፣ በዱር እንድትወልድ ይደረግ ነበር፤ ልማዱ ፈጽሞ አልጠፋም። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞችና እናቶች ከመውለዳቸው በፊት የሚያርፉበት የማቆያ ቤት ይህን ለመለወጥ የተጀመረ ሥራ ነው። ዘመድዎ የጤና ሠራተኛ ከሆነች ስለዚህ ይጠይቋት። ለስጦታ ስኳርና ቡና ከመያዝ የሕፃን ልብስና ሳሙና ይዘው ቢሄዱና ለማቆያ ቤቱ ቢሰጡ በእኔ ግምት ይበልጣል።

ወደ ራስዎ ልጆች ልመለስ፤ የዚህ ጉዞ ዋናው አደጋ ገደሉ አይደለም፤ ወባው ነው። የአዲስ አበባ ልጅ ወባ በሌለበት አገር ያደገ ነውና ሰውነቱ በሽታውን አያውቀውም። ከመነሣትዎ ከሁለት ወይም ከሦስት ሳምንት በፊት ጤና ጣቢያ ሄደው «ወደ በለስ ልንወርድ ነው» ብለው ያማክሩ፤ መከላከያ መድኃኒቱ እንደ ዕድሜና እንደ ክብደት ስለሚለያይ የጎረቤት ክኒን ተካፍሎ መዋጥ አይገባም። ነፍሰ ጡር ከሆኑ ወይም ከአምስት ዓመት በታች ልጅ ካለዎት በተለይ ሐኪሙ ሳይፈቅድ አይውረዱ። የራስዎን አጎበር ይያዙ። የዘመድ ቤት አጎበር ቢኖርም ለእንግዳ አይተርፍም፤ አክባሪ ባለቤት ደግሞ ለእርስዎ ሰጥታ የራሷን ልጅ ያለ አጎበር ታስተኛለች። ፀሐይ ስትጠልቅ እጀ ረጅም ልብስና ሱሪ ይልበሱ። ውኃው ይፈላ፤ ሕይወት አድን ንጥረ ነገርም ሁለት ሦስት ፓኬት ይኑር።

ትኩሳት እዚያው ከጀመረ በሰዓታት ውስጥ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ ፓዌ ሆስፒታልም አለ። የሚያሳስበው ግን ትኩሳቱ ከተመለሱ በኋላ ሲመጣ ነው። ወባ በትንኝ ንክሻው ዕለት አይታይም፤ ቢያንስ አንድ ሳምንት፣ ብዙ ጊዜም ሁለት ሳምንት ይቆያል፤ አንደኛው ዓይነት ደግሞ በጉበት ውስጥ ተደብቆ ከወራት በኋላ ይነሣል። ልጁ ሻንጣው ተፈትቶ፣ ፎቶግራፉ ታይቶ፣ ትምህርት ቤት ከተመለሰ በኋላ ሲያተኩሰው እናት «ጉንፋን ነው» ትላለች፤ የአዲስ አበባ ሐኪምም ካልተነገረው ወባን ላያስብ ይችላል። ስለዚህ ካርድ ሲያወጡ ከሁሉ በፊት «በለስ ወርደን ነበር» ብለው ይናገሩ፣ የተመለሱበትንም ቀን ይንገሩ። ምርመራው ከጣት ጫፍ በሚወሰድ ጠብታ ደም በደቂቃዎች ውስጥ የሚታወቅ ነው።